አረም ለጎመን ያወረሰው ብርታት

(በራዲዮ የተነገረ፤ ለጋዜጣው አንባብያን እንዲስማማ በጥቂቱ የታረመ)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ጎመንና ስለ አረም ነው። ይህን ሰምቶ «ይህስ የገበሬ ጉዳይ ነው» በማለት ገጹን ለመግለጥ የሚቸኩል ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ፤ ነገሩ ከጓሮ ይነሣ እንጂ መድረሻው የመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ነውና። ዓመታቱንም ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

አትክልት የሚያለማ ሰው ጠላቱ ብዙ ነው። ትሉና ሻጋታው አንድ ዓመት ቢመጣ አንድ ዓመት ይቀራል፤ አረም ግን ቀጠሮውን አያፈርስም። ጎመንና ሰላጣ የመሳሰለው ተክል በልጅነቱ ደካማ ስለ ሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በአረም የተዋጠ እንደ ሆነ በኋላ ቢያርሙለትም የተጎዳውን ያህል አይካስም። በአገራችን ይህ ሥራ ይልቁንም በሴቶችና በልጆች ወገብ ላይ የወደቀ መሆኑን ከገጠር የመጣችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ። የሰው ጉልበት ውድ በሆነበት አገር ግን ጎንበስ ብሎ የሚያርም ሠራተኛ ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ስለዚህ ገበሬው ወደ አረም መድኃኒት ይሄዳል።

የአረም መድኃኒት ትልቁ ጥበብ ለይቶ መግደሉ ነው፤ ዝም ብሎ መግደልማ ጨውም ይገድላል። ስንዴ የሣር ወገን ስለ ሆነ ቅጠለ ሰፊውን አረም የሚያደርቅ መድኃኒት በልኩ ቢረጭበት እምብዛም አይጎዳም። በጎመን መደብ መካከል የበቀለ የዱር ሰናፍጭ ግን ለጎመኑ የአጎት ልጅ ነው። አበባቸው ይመሳሰላል፤ በሰውነታቸውም ውስጥ የሚካሄደው ሥራ አንድ ነው፤ ለአንደኛው መርዝ የሆነው ለሁለተኛውም መርዝ ይሆናል። በዚህ ላይ የገበያው ሁኔታ አለ። አንድ ኩባንያ አዲስ መድኃኒት ቀምሞ፥ መርምሮና አስፈቅዶ ለገበያ እስኪያቀርብ ድረስ እጅግ ብዙ ገንዘብ ያወጣል። ያን ገንዘብ የሚመልሱለት በሰፊው የሚዘሩት በቆሎና ስንዴ ናቸው። የአበባ ጎመንና ሰላጣ የሚይዙት መሬት ጠባብ ነው፤ ሰብሉ ደግሞ በነፍስ ወከፍ ውድ በመሆኑ መድኃኒቱ ጎድቶት ቢገኝ የሚጠየቀው ካሣ ከባድ ነው። ስለዚህ ኩባንያው ለአትክልት ሲል አይደክምም።

እንግዲህ ለአትክልቱ የሚስማማ መድኃኒት ካልተገኘ ለመድኃኒቱ የሚስማማ አትክልት ማበጀት ይቻል እንደ ሆነ የእርሻ ሊቃውንት ጠየቁ። መልሱንም ያገኙት ማንም ባላሰበበት ስፍራ፥ ከራሱ ከአረሙ ዘንድ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከበቆሎ እርሻ ነው። ጋይጊ የተባለው የስዊስ ኩባንያ በ1950ዎቹ ዓመታት ሲማዚንና አትራዚን የተባሉ መድኃኒቶች አወጣ፤ ሁለቱም ትራያዚን ከሚባለው ወገን ናቸው። በቆሎ እነዚህን በሰውነቱ ውስጥ አፈራርሶ ከንቱ ማድረግ ይችላል፤ አብዛኛው አረም ግን አይችልም። በዚህ ምክንያት በሰሜን አሜሪካ መድኃኒቱ በየዓመቱ በዚያው ማሳ ላይ ሳያቋርጥ ይረጭ ነበር። በ1970 ግን ከአሜሪካ የዋሽንግተን ክፍለ ሀገር እንግዳ ወሬ ተሰማ። ከ1958 ጀምሮ ሲማዚን ሲረጭበት በኖረ አንድ የችግኝ ቦታ የበቀለ ተራ አረም መድኃኒቱ ቢጨመርለትም አልሞት ብሎ ተገኘ። ከዚህ በኋላ ወሬው ከየአቅጣጫው ይመጣ ጀመር። ከነዚህም አንዱ በካናዳ፥ በኬቤክ አውራጃ፥ በ1970ዎቹ ዓመታት በበቆሎ ማሳ ውስጥ የተገኘ አረም ነው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የሆኑት የአገሩ ሰዎች «የወፍ ሰናፍጭ» ይሉታል። አትራዚን ቢያፈሱበት እንደ ዝናብ ይቈጥረዋል።

ይህ ብርታት ከምን የመጣ ነው? ቅጠል ምግቡን የሚያዘጋጀው ክሎሮፕላስት በሚባሉ አረንጓዴ ቅንጣቶች ውስጥ ነው፤ የቅጠሉ ማድ ቤት እንበላቸው። በዚህ ማድ ቤት ከፀሐይ ብርሃን የተገኘው ኃይል ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ይሄዳል። ከተቀባዮቹ አንዱ የሆነ ፕሮቲን ትንሽ ጎድጓዳ ኪስ አለው፤ አትራዚን ከዚያች ኪስ ገብቶ ይወተፍና ቅብብሉን ያቋርጣል፤ ቅጠሉም ፀሐይ እየመታው በራብና በቃጠሎ ይሞታል። በ1983 ሁለት ተመራማሪዎች ከአሉማ ወገን የሆነ መድኃኒቱን የተቋቋመ አረም መርምረው ምሥጢሩን ገለጡት። ፕሮቲን ማለት እንደ ዶቃ በተርታ የተሰካ ነገር ነው። በዚህ ፕሮቲን ላይ 264ኛው ዶቃ ሴሪን መሆን ሲገባው በብርቱው አረም ላይ ግላይሲን በሚባል ሌላ ዶቃ ተተክቶ ተገኘ። መድኃኒቱ ተንጠላጥሎ የሚይዘው በሴሪን ነበርና አሁን የሚጨብጠው ነገር አጣ። አያሌ ዓመታት የተደከመበት መድኃኒት በአንዲት ዶቃ መለወጥ ከንቱ ሆነ ማለት ነው።

የዚህ ፕሮቲን ጂን በክሎሮፕላስቱ ውስጥ ይገኛል እንጂ በሕዋሱ አስኳል ውስጥ አይደለም፤ ክሎሮፕላስትም በጎመን ወገን ከእናት ብቻ የሚወረስ ነው። የአባት አበባ ዱቄት ይህን አያመጣም። በካናዳ በጌልፍ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሶዛ ማቻዶና ባልደረቦቻቸው የወፍ ሰናፍጩ ብርታት በእናት ወገን ብቻ የሚተላለፍ መሆኑን በ1978 አስታወቁ። በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት እናቴ ፈረስ ናት አለ ይባላል። በቅሎው እንዲህ ያለው ባባቱ አፍሮ ነው፤ ለዚህ ለአረሙ ብርታት ግን እናቱን ብቻ መጥራት እውነተኛ መልስ ነው።

በቅሎን ካነሣን ዘንድ ስለ ዲቃላ አንድ ቃል ልናገር። ዲቃላ የሚለው ቃል በአፋችን ክብር አጥቶ ይኖራል፤ በእርሻ ጥበብ ግን ያለ ዲቃላ ብዙ ነገር ባልኖረ ነበር። በ1935 ዩ ናጋሃሩ የተባለው በጃፓን ይሠራ የነበረ ሊቅ የጎመንን ወገን የትውልድ ሐረግ በክሮሞሶም ቈጥሮ አሳየ። ጥቁር ሰናፍጭ 16 ክሮሞሶም አለው፤ ጥቅል ጎመንና የአበባ ጎመን 18፤ የወፍ ሰናፍጭ ያለበት ወገን 20። ዘይት የሚጨመቅበት የፈረንጅ ጎመን ዘር ግን 38 ሲኖረው ይህ 18ና 20 ተደምሮ የተገኘ ነው፤ ይኸውም በጥንት ዘመን ከሁለቱ የተወለደ ዲቃላ ነው። የኛው የኢትዮጵያ ጎመን ዘር ደግሞ 34 አለው፤ 16ና 18። አባቶቻችን ሲዘሩት፥ እናቶቻችን ቅጠሉን ሲቀቅሉት፥ ፍሬውን ወቅጠው ምጣድ ሲያሰሱበት የኖሩት ጎመን ዘር የጥቁር ሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን ልጅ ነው። የኋለኛውን ነገር ስደርስበት ይህን ቍጥር አስታውሱልኝ።

የጌልፍ ሊቃውንት በመጀመሪያ ብርቱውን የወፍ ሰናፍጭ እናት አድርገው፥ ከዘይቱ ጎመን ዘር የአበባ ዱቄት እያመጡ አዳቀሉ። የተወለደውን እንደ ገና ከጎመን ዘሩ ጋር ያዳቅሉታል፤ የዚያንም ልጅ እንደ ገና። በየትውልዱ የአባት ወገን ባሕርይ እየበዛ ይሄዳል፤ ክሎሮፕላስቱ ግን የእናቲቱ የአያቲቱ ሆኖ ይቀራል። በመጨረሻ መልኩና ፍሬው የጎመን ዘር፥ ማድ ቤቱ የአረም የሆነ ተክል ተገኘ። ይህን በ1980 አሳተሙ፤ በ1984ም «ኦኤሲ ትራይተን» የተባለው ዘር ለገበሬ ተሰጠ።

ወደ አትክልቱ ለመሻገር ግን ነገሩ የከበደ ነበር። የጥቅል ጎመንና የብሮኮሊ ወገን ከወፍ ሰናፍጩ ጋር በቀላሉ አይገናኝም፤ ቢገናኝም ጽንሱ በፍሬው ውስጥ ይጨነግፋል። ስለዚህ በዚያው በጌልፍ አዮትና ባልደረቦቹ ከ1987 እስከ 1989 ባሳተሙት ተከታታይ ጽሑፍ የሚከተለውን መንገድ ገለጡ። ብርታቱን ቀድሞ የወረሰውን የዘይት ጎመን ዘር ድልድይ አደረጉት፤ እርሱ ራሱ ግማሽ አካሉ የጥቅል ጎመን ነውና። እርሱን እናት፥ ጎመኑን አባት አድርገው አገናኙ። ጽንሱ እንዳይጨነግፍ ገና በጨቅላነቱ ከእናቱ ፍሬ በስለት አውጥተው በብልቃጥ ውስጥ በስኳርና በማዕድን ምግብ አሳደጉት። እንዲህ የተወለደው ዲቃላ እንደ በቅሎ ነው፤ ከሁለት ወገን የመጡት ክሮሞሶሞች ጥንድ ጥንድ ሆነው መቆም ስለማይችሉ የዘር ፍሬው እጅግ ጥቂት ይሆናል። ከጥቂቱም ፍሬ የበቀለውን እንደ ገና ከጎመን ጋር አዳቀሉ፤ ሁለተኛም፥ ሦስተኛም። በሦስተኛው ጊዜ ልክ እንደ ንጹሕ ጎመን 18 ክሮሞሶም ያለው፥ ትራያዚን የማይገድለው ተክል አገኙ። እንግዲህ ይህ ሁሉ የሆነው ጂን ተቈርጦ ሳይቀጠል፥ በአበባ ዱቄት፥ በስለትና በትዕግሥት ብቻ መሆኑን ልብ በሉ።

በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሊቃውንት ደግሞ ሌላ መንገድ ይዘው ነበር። የሁለቱን ተክሎች ሕዋሳት ግድግዳቸውን ገፈው አንዱን ከሌላው ጋር በማዋሐድ በ1989 አትራዚን የማይገድለው የአበባ ጎመን፥ ከዚያም በ1991 ብሮኮሊ ማግኘታቸውን አስታወቁ።

ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ዛሬ በዓለም ገበያ የሚሸጠው የአበባ ጎመን ሁሉ ለምን እንዲህ አልሆነም?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ከዚያችው ከ264ኛዋ ዶቃ ላይ ይገኛል። ሴሪን የተቀመጠው መድኃኒት እንዲያዝበት ተብሎ አይደለም፤ የቅጠሉን ኃይል በማቀባበል የሚረዳ ሥራ ነበረው። ግላይሲን ሲተካው መድኃኒቱ መግቢያ ያጣል፤ ቅብብሉም ይዘገያል። ተክሉ አይሞትም፤ ነገር ግን ማድ ቤቱ ዝግተኛ ስለ ሆነ የሚያዘጋጀው ምግብ ያንሳል። እንደዚህ ያለውን ብርታት የወረሰ የዘይት ጎመን ዘር ምርቱ ከተለመደው ዘር ከ20 እስከ 30 በመቶ ያነሰ ሆነ። አረሙም ቢሆን መድኃኒት በማይረጭበት ሜዳ ላይ ከደካማ ወንድሞቹ ጋር ሲወዳደር ይሸነፋል። መድኃኒቱ ሲመጣ ብቻ ንጉሥ ይሆናል።

ለገበሬው እንግዲህ ስሌቱ ይህ ነው፤ አረም ከምርቱ የሚወስደው ከአራት አንድ እጅ በላይ ከሆነ ጎዶሎውን ዘር መዝራት ያዋጣዋል፤ ካልሆነ አያዋጣውም። በካናዳ የተሻለ ምርጫ ሲመጣ ይህ ዘር ወደ ኋላ ቀረ። በአውስትራሊያ ግን የዱር ፍጅል የሚባል የጎመን ዘመድ አረም ማሳውን ወርሮ ሌላ መላ ያልነበራቸው ገበሬዎች በ1993 የመጀመሪያው ዘር ሲወጣላቸው በደስታ ተቀበሉት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ይኸው ዓይነት ዘር ከአገሪቱ የጎመን ዘር እርሻ ሰፊውን ድርሻ ይዞ ነበር። እኔ የካናዳውንም የአውስትራሊያውንም ገበሬ አልነቅፍም፤ ሁለቱም በየማሳቸው ያለውን አረም አይተው ፈረዱ። የሚነቀፈው ማሳውን ሳያይ ከሩቅ ዘሩን የሚያዝዝ ነው።

አንድ ሌላ ነገር እዚህ ላይ አለ። ዘሩ ያለ መድኃኒቱ ዋጋ የለውም፤ መድኃኒቱ ከተከለከለ ዘሩ ጎዶሎ ምርት ብቻ ይዞ ይቀራል። አትራዚን በከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ከተፈቀደው መጠን በላይ እየተገኘ ስላስቸገረ የአውሮፓ ኅብረት በ2004 ፈቃዱን ከለከለ። በአውሮፓ የሚኖር አንድ አትክልተኛ ትራያዚን የሚችል ብሮኮሊ ቢሰጠው ኖሮ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምን ያደርግበት ነበር?

አሁን ስለ ሰላጣ ጥቂት ልናገር፤ የሰላጣው ታሪክ ከጎመኑ በአንድ ዋና ነገር ይለያልና። በአሜሪካ በአይዳሆ ክፍለ ሀገር፥ ሉዊስተን በምትባል ከተማ አጠገብ፥ በ1987 በስንዴ ማሳ ውስጥ የበቀለ እሾኻማ የዱር ሰላጣ ሰልፎኒልዩሪያ የሚባለውን መድኃኒት ተቋቁሞ ተገኘ። ማሳው በዚህ መድኃኒት ለ5 ዓመት ያህል ተረጭቶ ነበር። ማሎሪ ስሚዝና ባልደረቦቿ ይህን አረም ወስደው ከምንበላው ሰላጣ ጋር አዳቀሉት። ሁለቱም 18 ክሮሞሶም ስላላቸውና እጅግ ቅርብ ዘመድ ስለ ሆኑ ብልቃጥም ስለትም አላስፈለገም፤ የአበባ ዱቄት ብቻ በቃ። በልጅ ልጆቹ ላይ ሲቈጠር ከ4 አንዱ ፍጹም ብርቱ፥ 2ቱ መካከለኛ፥ 1ዱ ደካማ ሆኖ ተገኘ። ይህም ብርታቱ በአስኳል ውስጥ በሚገኝ በአንድ ጂን የሚተላለፍ መሆኑን ያስረዳል። በ1993 መድኃኒቱን የሚቋቋም የሰላጣ ዘር ለአዳቃዮች አቀረቡ።

ልዩነቱን አስተዋላችሁ? የጎመኑ ብርታት በእናት ብቻ የሚወረስ ሲሆን የሰላጣው በእናትም በአባትም የሚወረስ ነው። የአበባ ዱቄት በንብና በነፋስ ይሄዳል፤ አጥርና የማሳ ወሰን አያውቅም። እንግዲህ አረሙ ለሰብሉ ብርታት ለማውረስ ዘመድነቱ ከበቃው፥ ሰብሉም ለአረም ለማውረስ ያው ዘመድነት ይበቃዋል። የመጣበት መንገድ ተመልሶ የሚሄድበትም መንገድ ነው።

ይህን በግምት አልናገርም። የወፍ ሰናፍጩ አገር በሆነችው በኬቤክ፥ በ2000ዎቹ መጀመሪያ፥ ሱዛን ዋሪክና ባልደረቦቿ በጎመን ዘር ማሳ አጠገብ የበቀለውን የወፍ ሰናፍጭ መረመሩ። በዚያ የተዘራው ጎመን ዘር ግላይፎሴት የሚባለውን መድኃኒት እንዲቋቋም በአዲሱ የጂን ጥበብ የተሠራ ነበር። ይህ ጂን ከሰብሉ ወደ አረሙ ተሻግሮ ተገኘ። መድኃኒቱ በዚያ ባይረጭም፥ ዲቃሎቹ በቍጥር እየቀነሱ ቢሄዱም፥ ጂኑ ለ6 ዓመት ያህል በአረሙ መካከል ሳይጠፋ እንደ ቈየ በ2008 አሳተሙ። ጂኑን ወደ ሰብሉ ያስገባው የሰው እጅ ነበር፤ ከሰብሉ ወደ አረሙ ያሻገረው ግን ንብና ዘመድነት ነው። በማዳቀል ቢገባም ኖሮ ንቡ አይለየውም ነበር።

በክሎሮፕላስት የሚተላለፈው ብርታት በዚህ ረገድ የተሻለ ነው፤ የአበባ ዱቄቱ አይሸከመውምና። ነገር ግን ሙሉ ዋስትና አይሆንም። ሰብሉ እናት፥ አረሙ አባት ሆኖ ቢገናኙና ፍሬው ከማሳው ላይ ቢረግፍ የሚበቅለው ልጅ የእናቱን ብርታት ይዞ ይበቅላል። ጎመን ዘርን ያጨደ ሰው ሁሉ ፍሬው እንዴት እንደሚረግፍ ያውቀዋል።

እስከዚህ ድረስ ስለ ሰው አገር ተናገርሁ፤ አሁን 34 ወደተባለው ቍጥር ልመለስ። በ2015 የጌልፍ ሊቃውንት አንድ ሌላ ሥራ አሳተሙ። በካናዳ በማኒቶባ አውራጃ የተገኘ የዱር ሰናፍጭ ዳይካምባ የሚባለውን መድኃኒት ይቋቋማል። እነርሱም ይህን ብርታት በጽንስ ማዳን ብልኃትና በተደጋጋሚ መልሶ በማዳቀል ወደ ዘይቱ ጎመን ዘር አሻገሩት። ዳይካምባ ከቱፎርዲ ጋር አንድ ወገን ነው። ቱፎርዲ ምን እንደ ሆነ የእርሻ መሥሪያ ቤት ሰዎች አይጠፋችሁም፤ በኢትዮጵያ የስንዴና የጤፍ ገበሬ ቅጠለ ሰፊ አረምን ለማጥፋት በብዛት የሚረጨው መድኃኒት ነው።

እንግዲህ እንዲህ አድርገን እናስብ። በአርሲና በባሌ ጎመን ዘር ከስንዴ ጋር እየተፈራረቀ ይዘራል። የረገፈው ፍሬ በሚቀጥለው ዓመት በስንዴው መካከል በቅሎ ሲገኝ ገበሬው ቱፎርዲ ረጭቶ ይገላገለዋል። ጎመን ዘሩ ይህን ወገን መድኃኒት የሚቋቋም ሆኖ ቢበጅ በአንዱ ዓመት ለገበሬው ጥቅም የሰጠው ብርታት በሚቀጥለው ዓመት ስንዴውን የሚያውክ አረም ያደርገዋል። ገበሬው በብዛት የሚይዘው መድኃኒት ይህ ነው፤ ያን ከቀማነው በምትኩ ምን እንሰጠዋለን? ካናዳዊው ሌላ አሥር ዓይነት መድኃኒት ከሱቅ ይመርጣል። የኛ ገበሬ ወደ ጉልበቱ ይመለሳል፤ ጉልበት ማለትም ቀደም ብዬ እንደ ተናገርሁት የሚስቱና የልጆቹ ወገብ ነው።

ይህን የምለው ጥበቡን ለማስፈራራት አይደለም። ለምሳሌ ያህል አረም ማረም የማይቻልበት፥ ዘመድ አረምም የሌለበት፥ መድኃኒቱም የሰብሉን ተራ የማያውክበት ስፍራ ካለ እንዲህ ያለው አትክልት ብዙ ድካም ያቀልላል። እኔም ቢሆን የሴቶችን ወገብ የሚያሳርፍ ነገር ቢመጣ እጅ ነሥቼ እቀበለዋለሁ። ብቻ የሚመጣው ነገር በምን ስም ተሸፍኖ እንደሚመጣ ማወቅ ይገባል።

ሕጉ ደግሞ እዚህ ላይ ክፍተት አለው። በ2000 ጥር ወር በካናዳ በሞንትሪያል የጸደቀው የካርታኼና የደኅንነተ ሕይወት ስምምነት እንዲወጣ የአፍሪካን ወገን በመምራት እጅግ የደከሙት የኢትዮጵያው ሊቅ፥ በ2023 ያረፉት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። አገራችንም የስምምነቱ አባል ናት። ስምምነቱ ምርመራ የሚያዝበት ሕያው ነገር ግን በሁለት ዓይነት ጥበብ የተሠራ ነው፤ አንደኛው በብልቃጥ ውስጥ በጂን ላይ የሚሠራ፥ ሁለተኛው ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ውጭ የሆኑ ሕዋሳትን የሚያዋሕድ። ጎመን፥ ሰናፍጭና የወፍ ሰናፍጭ ሁሉ አንድ ቤተሰብ ናቸው። እንግዲህ በማዳቀል የተገኘው ጎመን፥ ሕዋሳት በማዋሐድ የተገኘው የኮርኔል ብሮኮሊ እንኳ፥ ከዚህ ትርጓሜ ውጭ ይቀራል። እንደ ማናቸውም የተሻሻለ ዘር ሆኖ በተለመደው በር ይገባል። ካናዳ ግን በራስዋ ሕግ መንገዱን ትታ ውጤቱን ትመለከታለች፤ ተክሉ በዚያ አገር ያልታወቀ አዲስ ባሕርይ ካለው በማዳቀልም ይሁን በጂን ቅጥያ የተገኘ ቢሆን ከመለቀቁ በፊት ይመረመራል። ለኔ የካናዳው መንገድ የተሻለ ይመስለኛል። ንቡ የዘሩን አሠራር አይጠይቅም፤ የገበሬው ማሳም እንዲሁ።

ምናልባት ይህን ከምታነቡት መካከል አንዱ የዘር ማስመጫ ማመልከቻ በሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ይሆናል። ማመልከቻው ስለ ምርት፥ ስለ በሽታ መቋቋም፥ ስለ ዋጋ ብዙ ይጽፋል። ስለ መድኃኒት መቋቋም ግን ምናልባት በአንድ መስመር ብቻ ይነግራችሁ ይሆናል፤ ያም መስመር እንደ ጥቅም ተቈጥሮ የተጻፈ ነው። በዚያች መስመር አጠገብ ጥቂት ጥያቄ በእጃችሁ ብትጽፉበት አይከፋም። ብርታቱ የሚሄደው በእናት ነው ወይስ በአበባ ዱቄት? ዘሩ በሚበተንበት ወረዳ ከጎመኑ ወገን የሆነ ምን አረምና ምን ሰብል ይበቅላል? መድኃኒቱስ በዚያ ወረዳ በየትኛው ሌላ ሰብል ላይ ይረጫል? አመልካቹ የመጀመሪያውን ካልመለሰ፥ የዘሩ አዳቃይ በእርግጥ ያውቀዋልና እርሱ እንዲጠየቅ ወረቀቱን መልሱለት። የሁለተኛውንና የሦስተኛውን መልስ ግን ከውጭ አገር አትጠብቁ፤ በየዓመቱ ከጓሮዋ ካበቀለችው ጎመን ዘር ለቅማ፥ በቅል ቋጥራ፥ ለጎረቤቷም ቆንጥራ ከምትሰጥ ሴት ዘንድ ነው የሚገኘው።